«ሆድ ይፍጀው» ስለሚባለው ክፉ ምክር

በጎጃም አገር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው የለም። ከደብረ ማርቆስ ገበያ ጀምሮ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ድረስ እናት ለልጇ፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ ይኸንኑ ይመክራል። እግሩ ያበጠ ወይም ጐኑን የወጋው ሰው ሕመሙን ቢሸሽግ ሁሉ ይቈጣዋል። ነገር ግን ይኸው መካሪ ሕዝብ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሌሊት እየባነነ ሲጮኽ፥ ቀን ከሰው ተለይቶ በጓሮ ሲቀመጥ፥ እህል ሲያስጠላውና መኖር ሲሰለቸው ባየ ጊዜ ተረቱን ይገለብጠዋል። «ወንድ ልጅ የሆዱን አያወጣም፤ ሆድ ይፍጀው» ይለዋል። ለእግር እብጠት የተከለከለው መደበቅ ለልብ ቍስል ታዘዘ ማለት ነው። ይህ ምክር ክፉ ምክር ነው፤ ክፋቱም ሰው የሚገድል መሆኑ ነው።

ነገሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የጎጃም ቤት በየዘመኑ ዘማች ሸኝቷል፤ በየዘመኑም ተቀብሏል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል ከጣልያን ጋር የተዋጋው አርበኛ ወደ ቀዬው ተመለሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ፤ ከርሱም ብዙው በእግሩ ተጕዞ፥ አንዳንዱም በመንገድ እየለመነ አገሩ ገባ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፥ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን በኩል ጦርነት ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ውጊያው ራሱ ወደ ጎጃም ገበሬ ደጃፍ መጣ፤ በዚህም የወንድማማቾች ውጊያ መሣሪያ የያዘው በዚህ ወገን ቢሆን በዚያም ወገን ቢሆን የእናት ልጅ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ሰላም ኑሮ ይመልሳቸው ዘንድ በየክልሉ የቈጠራቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። ለነዚህ ሁሉ የመቋቋሚያ ገንዘብ ይታሰብላቸው ይሆናል፤ የእጅ ሥራም ይማሩ ይሆናል። ልባቸውን የሚያዳምጥላቸው ግን ማን ነው?

ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ኀዘን የተለየ ነው። ኀዘን በአርባው፥ በሰማንያው፥ በሙት ዓመቱ እያለ ቀስ በቀስ ይቀላል፤ ለቅሶ ደራሽም ያቀለዋል። ድባቴ ግን ከሁለት ሳምንት አልፎ ወራትንና ዓመታትን ይቈያል። እንቅልፍን ይነሣል፥ ጕልበትን ያደክማል፥ ትናንት ደስ ያሰኝ የነበረውን ሁሉ እንደ ገለባ ያቀልላል። ከሁሉ የሚከፋው ሰውን በራሱ ላይ ሐሰተኛ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጡ ነው፤ «የማልረባ ነኝ፥ ለቤተ ሰቤ ሸክም ሆንሁ፥ ብሞት ይገላገሉኛል» ያሰኘዋል። በዘማች ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ያየው ሞት በሕልሙ ይመለሳል፤ የበር መንኳኳት የተኵስ ድምፅ ይሆንበታል፤ ጓደኛው ወድቆ እርሱ መትረፉ እንደ በደል ይቈጠርበታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ይህን ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ስም ሰጥተው ከሕመሞች መዝገብ ጽፈውታል። ስሙ አዲስ ነው እንጂ ሕመሙ ከጦርነት ጋር የተወለደ ነው።

የሆድ ይፍጀው ወገኖች የመጀመሪያ ክርክራቸው «ጀግና አይታመምም፤ እንዲህ የሚሆነው ፈሪ ነው» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ከሩቅ አገር ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ የደብረ ማርቆስ መንገድ ራሱ ይመሰክራል። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፥ ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ጣልያንን ከቡሬና ከደብረ ማርቆስ ያስለቀቀውን፥ ጌዴዎን የተባለውን ጦር የመራው ኦርድ ዊንጌት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። ጦሩ ከ2 ሺህ የማይበልጥ ሲሆን በቍጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጠላት አስለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ዊንጌት በካይሮ ከተማ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን ሳለ ራሱን ለመግደል ሞከረ። ማዕረጉ ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ የሠራው ሥራ ዋጋ አላገኘም ብሎ አዝኖ ነበር፤ የወባ ትኩሳትም ሰውነቱን አድክሞት ነበር። ነፍሱ የተረፈችው በሚቀጥለው ክፍል የነበረ መኮንን ድምፅ ሰምቶ ስለ ደረሰለት ነው። በሆስፒታል ታክሞ ዳነ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 በበርማ ሌላ ጦር እየመራ ዘመተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በአዲስ አበባም በስሙ ትምህርት ቤት ቆመለት። ይህን ሰው ፈሪ ብሎ የሚሰድብ የጎጃም ሰው ይኖራልን? ፈሪ ካልተባለ ደግሞ ያንኑ ሕመም የታመመው የቢቸና ወይም የደምበጫ ልጅ ስለ ምን ፈሪ ይባላል? ዊንጌትን ያዳነው በግድግዳው ማዶ የሚሰማ ጆሮ መኖሩ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሰው ያንን ጆሮ የሚደፍን ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የተሠወረ ስሕተት አለ። ሕዝቡ በአንድ በኩል ራሱን የገደለውን ጎረቤቱን እየኰነነ፥ በሌላ በኩል በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት በየመጠጡ ቤት እያወደሰ ያቅራራል። ሕፃኑም «እጅ ከመስጠት መሞት» የሚለውን ከጡት ጋር ይጠባል። ንጉሡ በአገራቸው ታሪክ ያላቸው ስፍራ በሌላ ሥራቸው ይመዘን፤ ሞታቸው ግን ለሌላ ሰው ሥርዓት ሊሆን አይገባውም። በመቅደላ የእንግሊዝ ጦር ዙሪያውን ከቦ ነበር። ከዘመቻ ተመልሶ በቤቱ የተቀመጠውን ዘማች ግን የከበበው ጠላት የለም፤ የከበበው ሕመም ነው። ሕመም ደግሞ እጅ ቢሰጡት የሚማርክ አይደለም፤ ለሐኪም ቢያሳዩት የሚሸሽ ነው። በፉከራና በቀረርቶ ሞትን ያስጌጠ ሰው በሌሊት ብቻውን ለሚጨነቀው ወንድሙ መርዝ በብርሌ እንደ ቀዳለት ይወቅ።

ሁለተኛው ክርክራቸው «ወሬ እንዴት መድኃኒት ይሆናል? መድኃኒት የሚጠጣና የሚቀባ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት የንግግር ሕክምና ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስኮትላንድ በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ሪቨርስ የሚባል ሐኪም አእምሯቸው የታወከ መኮንኖችን ያክም ነበር። በዚያም አገር ዘመዶችም ሐኪሞችም በሽተኛውን «ያየኸውን እርሳው፤ አታንሣው» ይሉት ነበር። ሪቨርስ ግን በግድ መክደኑ ራሱ ሕመሙን እንደሚያብሰው አስተዋለ። በሽተኞቹ ያዩትን ቀስ በቀስ እንዲናገሩ፥ ከተናገሩትም ውስጥ ሊሸከሙት የሚችሉትን ትርጓሜ እንዲፈልጉ አደረገ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917ም ይህን አሳቡን ለሐኪሞች ጉባኤ አሰማ። ጎጃም ዛሬም የሚሰጠውን ምክር ይህ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት መርምሮ ጥሎታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቍጥር ተመዝኗል። በአሜሪካ ፎርት ካርሰን በሚባለው የጦር ሰፈር ራሳቸውን ለመግደል የሞከሩ ወይም አጥብቀው ያሰቡ 152 ወታደሮች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ፤ እኩሌቶቹ በተጨማሪ 12 ጊዜ ያህል እየተገናኙ የንግግር ሕክምና ተቀበሉ። ሁለት ዓመት ሲጠበቁ፥ ንግግሩን በተቀበሉት ዘንድ ራስን ለመግደል መሞከር በ60 በመቶ አነሰ። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ታትሞ ወጥቷል። ከመቶ ስድሳ የሚቀንስ ነገር ወሬ ይባላልን? ወባን በዚህ መጠን የሚቀንስ ቅጠል ቢገኝ ሰው ሁሉ ደጅ አይጠናም ነበርን?

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን በሽተኛው መሞት የተመኘበትን ጊዜ ከመነሻው ጀምሮ እንዲተርክለት ይጠይቀዋል፤ ሲተርክ አይገሥጸውም፥ አያቋርጠውም፥ አይደነግጥበትም። ከዚያ ሁለቱ ሆነው በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ክፉው አሳብ ከመምጣቱ በፊት የሚታየው ምልክት ምንድር ነው? ሲመጣ ራሱ ምን ቢያደርግ ይረጋጋል? ወደ ማን ቤት ይሄዳል? ማንን ይጠራል? በቤቱ ያለው ጠመንጃ እስኪሻለው ድረስ በየትኛው ዘመድ ዘንድ በአደራ ይቀመጣል? ለመኖር የሚያበቃውስ ምክንያት ምንድር ነው? ወረቀቷን በሽተኛው ከኪሱ አይለያትም። በሚቀጥሉት ቀናት ያን ሐሰተኛ ዳኛ ይመረምሩታል። «ሸክም ነኝ» ላለው፥ ማን እንዲህ አለህ? ልጅህ ማታ ማንን ይጠብቃል? ያለ አንተ እርሻውን ማን ያርሰዋል? እያለ ማስረጃ ያስቈጥረዋል። ሐኪሙ አሳብ አያበድረውም፤ የራሱን አሳብ እንዲያርም ይረዳዋል።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን አሠራር እንግዳ ነው ሊለው አይችልም። በዋሸራም ሆነ በሌላው የቅኔ አገር ተማሪው ቀን ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም እስከ መጨረሻው ሰምተው የተሳተውን ያርሙለታል እንጂ በርሱ ፈንታ አይቈጥሩለትም። ደግሞም የታመመ ሰው ንግግሩ ሰምና ወርቅ ነው። «ደክሞኛል» ይላል፤ ሰሙ የእርሻ ድካም ነው፥ ወርቁ የመኖር ድካም ነው። «ልጆቹን አደራ» ይላል፤ ሰሙ የመንገደኛ ስንብት ነው፥ ወርቁ ሌላ ስንብት ነው። ለዘመናት ሰም ገልጦ ወርቅ ማውጣት የተማረ አገር የገዛ ልጁን ሰም ሰምቶ ወርቁን ሳይረዳ ቀብሩ ላይ ሲደርስ አያፍርምን?

አንዳንዶች ደግሞ «እንዲህ ያለውን ነገር ብትጠይቁት ያላሰበውን ታሳስቡታላችሁ» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ከክፋት የመጣ ባይሆንም ሐሰት ነው። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት ስለ ሞት አሳቡ በቀና ልብ የተጠየቀ ሰው በመጠየቁ አሳቡ አይበዛበትም፤ ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። የሚያሳስበው ጥያቄ ሳይሆን ብቸኝነት ነው።

ሦስተኛው ክርክር የሚከበሩ ሰዎች የሚያመጡት ነው፤ «ጠበልና ጸሎት እያለ የሰው ንግግር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ለነርሱ ነቢዩ ኤልያስ ይመልስላቸው። በቀርሜሎስ ተራራ ድል ካደረገ በኋላ ኤልዛቤል ብትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። ይህ ሰው እምነት ጐድሎት ነውን? እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። እግዚአብሔርም ስለዚህ ልመናው አልዘለፈውም። መልአክ ልኮ አበላው፥ አጠጣው፥ አስተኛው። ኋላም በኮሬብ ዋሻ በዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። የሚያውቀውን ስለ ምን ጠየቀው ቢሉ፥ ነቢዩ በልቡ ያለውን እንዲናገር ነው። አንድም፥ ለሚጠይቁ ሰዎች ሁሉ ሥርዓት ሲሠራ ነው። ኤልያስም ብቻውን እንደ ቀረ ተናገረ። ሁለት ጊዜ ተጠየቀ፥ ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሰ፤ ስለ መደጋገሙ አልተገሠጸም። ከዚህ በኋላ ለበዓል ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፥ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፥ ኤልሳዕም ጓደኛ ሆነው። እነሆ ምግብ፥ እንቅልፍ፥ ጥያቄ፥ ትዕግሥት፥ የሐሰት አሳብ መታረም፥ ሥራና ጓደኛ፤ የንግግር ሕክምና ሥርዓት ሁሉ በዚህ አለ። ለነቢዩ ያልተናቀው ሕክምና ለወታደሩ ስለ ምን ይናቃል?

ጠበልና ሐኪም የሚጣሉ አድርጎ ማቅረብም ከቤተ ክርስቲያን የተማሩት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ይዘው መድኃኒቱን በተዉ ጊዜ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት መውሰድ እንደሚቻል ለሕዝብ ተናገሩ። ከዚያም ወዲህ በእንጦጦ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት እየተመካከሩ ሕሙማንን የረዱበት ሥራ በሕክምና መጽሔት ተጽፎ ይገኛል። በአዲስ አበባ የተቻለው በጎጃም ጠበሎች የማይቻልበት ምክንያት የለም። አጥማቂው ጠበል ሊጠመቅ የመጣውን ዘማች «ለሐኪምም ታይተሃልን?» ቢለው ከጸጋው ምን ይጐድልበታል?

ከዚህ ክርክር የሚወለድ አራተኛ ክርክር አለ፤ «እያንዳንዱ ምእመን የነፍስ አባት አለው፤ ለርሳቸው ይናገር፤ ሌላ ሰሚ አያስፈልገውም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የነፍስ አባት ትልቅ ሀብት ናቸው። ምስጢር ይጠብቃሉ፥ ቤቱን ያውቁታል፥ ሳይጠሩም ይመጣሉ። ነገር ግን ንስሐ የኃጢአት መድኃኒት ነው፤ ድባቴ ደግሞ ሕመም ነው። ኃጢአትና ሕመም ያልለየ ሰው ለተሰበረ እግር ስግደት ያዝዛል። በጭንቀት ለሚማቅቀው ዘማች ጾምና ስግደት ብቻ ጨምሮ የሚሰድድ ካህን፥ የኢዮብን ወዳጆች የመሰለ ነው። እነዚያ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከአጠገቡ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው «ይህ ያገኘህ በበደልህ ነው» ወደ ማለት በሄዱ ጊዜ ግን ኋላ በእግዚአብሔር ተወቀሱ።

የቀደሙት አባቶች ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር። ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፥ በጦርነት የሚደረገውን መግደል አባቶች ከነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት አስታወቀ፤ ሆኖም ተዋጊዎቹ ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታገሡ መልካም ሳይሆን እንደማይቀር መከረ። በዚህ ቀኖና ሁለት ነገር ይታያል። ዘማቹ ወንጀለኛ አይደለም፤ ያልተነካ ሰው ሆኖም አልተመለሰም። በመካከል ጊዜና አያያዝ ያስፈልገዋል። ጎጃም ግን ለዘማቹ የሚሰጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሽለላና ጠላ፥ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ዝምታ። ገዳዩን የሚፎክርበት ስፍራ አለው፤ ጓደኛውን የሚያለቅስበት ስፍራ የለውም። ሙሾ ለሴቶች ተተወ፤ የወንዱ ዕንባ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ክርክር ስለ ቀብር ነው። «ራሱን ለገደለ ፍትሐት አይደረግ፥ ከቤተ ክርስቲያን ግቢም አይቀበር፤ በዚህ ሌላው ይማራል» ይላሉ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፤ ሰው የራሱን ነፍስ ለማጥፋት ሥልጣን እንደሌለው ማስተማር ይገባል። ነገር ግን ሥርዓቱን የሚጠቅሱ ሰዎች እኩሌታውን ብቻ ይጠቅሳሉ። በ381 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር በቍስጥንጥንያ ከተሰበሰቡት ሊቃውንት አንዱ የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ፥ አእምሮውን ያጣ ሰው ራሱን ቢገድል መሥዋዕት ይቅረብለት እንደ ሆነ ተጠይቆ፥ ካህኑ ሰውየው በእውነት አእምሮውን አጥቶ እንደ ነበረ አጥብቆ ሊመረምር እንደሚገባው መልሷል። ዘመዶች ሊዋሹ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ፤ ይሁን እንጂ በሩን አልዘጋም። እንግዲህ ካህኑ ሕመሙን ሳያውቅ እንዴት ይመረምራል? መርማሪ ያደረገው ቀኖና የሕመሙን ጠባይ እንዲያውቅ አዘዘው ማለት ነው። ሳይመረምር የሚከለክልም፥ ሳይመረምር የሚፈቅድም ሁለቱ ከሥርዓት ወጥተዋል።

ፍርሃትስ ሌላውን ያስተምራልን? ያስተማረው መዋሸትን ነው። መበለቲቱ የባሏን ሞት ምክንያት ትደብቃለች፤ ወንድሙ «በድንገት ነው» ይላል፤ ልጆቹ ምስጢር ተሸክመው ያድጋሉ። ከዚያ ቤት የሚቀጥለው የሚታመም ሰው ደግሞ ስለ ሕመሙ ከቶ አይናገርም። ለሙት የተደረገው ቅጣት ሕያዋንን ዝም አሰኘ፤ ዝምታውም ሌላ ሙት አመጣ።

አሁን ደግሞ «ሐኪሙ ወዴት አለ?» የሚል ይመጣል፤ ይህስ ሙግት ሳይሆን እውነተኛ ችግር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ የደብረ ማርቆስ በሽተኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሐኪሞቹ ለሕዝቡ ብዛት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይገባልን?

አይገባም። በዚምባብዌ አገር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ሐኪም ባጡ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ወደ አሮጊቶች ዞሩ። 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ የተጨነቀ ሰው ሁሉ ከአሮጊቷ ጐን ተቀምጦ የልቡን ይነግራት፥ ችግሩንም ከርሷ ጋር አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ኋላም ሥራው በ573 ሰዎች ተመዘነ። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው፥ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ከመቶው 50 ሲሆኑ፥ ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ግን ከመቶው 14 ብቻ ሆኑ። አሮጊቶቹም ሕመሙ የጠናበትንና ሞትን የሚያስበውን ለይተው ወደ በላያቸው ይልኩ ነበር። የጎጃም ካህን፥ የጎጃም ሽማግሌና የጎጃም እናት ከነዚህ አሮጊቶች በምን ያንሳሉ? የሚጐድላቸው ትምህርቱ ብቻ ነው፤ ትምህርቱም የዓመታት ሳይሆን የሳምንታት ነው።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ሀገረ ስብከቱ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ከሆስፒታሉ ባለሙያዎች ጋር ተስማምቶ ለነፍስ አባቶች የድባቴን ምልክት፥ የአጠያየቁን ሥርዓትና በሽተኛውን ወደ ሐኪም የመላኩን መንገድ ያስተምር። የነፍስ አባት ዘማቹን ቤቱ ድረስ ሄደው «ልጄ፥ መኖር ሰልችቶህ ያውቃልን? ራስህን ስለ መግደል አስበሃልን?» ብለው በግልጥ ይጠይቁት፤ አዎ ካለ በዚያች ሌሊት ብቻውን አይተዉት፤ ጠመንጃውን ለታመነ ዘመድ ያስረክቡ፤ በነጋታው እጁን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የከተማው እድርና የሰንበቴው ማኅበር ለሞት የሚያወጣውን ገንዘብ በጥቂቱ ለሕያው ያውጣ፤ ለበሽተኛው የመኪና ኪራይና ለአስታማሚው ስንቅ ይሁን። የተማሩት የከተማ ሰዎችም በየቢሯቸው የሚሠራውን የቀድሞ ወታደር «ነርቭ አለበት» እያሉ መሣቂያ ማድረጋቸውን ይተዉ። ትጥቅ የሚያስፈታው መንግሥትም ከጠመንጃው ጋር የልቡን ሸክም የሚያስፈታለት ሰው ይመድብ፤ ያለዚያ የፈታው የእጁን ትጥቅ ብቻ ነው።

ንግግር ብቻውን ሁሉን ያድናል የሚል የለም። ሕመሙ የጠናበት ከንግግሩ ጋር ኪኒንም ያስፈልገዋል፤ ከአእምሮው የተለየውም በሆስፒታል ይተኛል። ነገር ግን የሁሉም በር አንድ ነው፤ እርሱም በሽተኛው አፉን መክፈቱ፥ ሌላውም ጆሮውን መስጠቱ ነው።

ሆድ ለእህል ተፈጠረ፤ እሳት ይከተትበት ዘንድ አልተፈጠረም። ለአገሩ ደረቱን የሰጠ ሰው ከአገሩ ጆሮ ቢለምን ብዙ ለመነ አይባልም። ከእንግዲህ ወዲህ በጎጃም ምድር «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የመከረ ሁሉ፥ ሆዱ ለፈጀው ሰው ደም ተጠያቂ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።